ቅቤውን ደሴ ተዉት

ገናን ጀርመን አገር የምታከብሩ የወሎ ልጆች፣ የበዓሉን ስንቅ ከአገር ስለመያዝ እኔን የነገረኝ ስላልነበረ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

በርበሬው ቀላል ነው። ሰኞ ገበያ ወርዶ ዛላውን መግዛት፣ ማዘጋጀት፣ ማስፈጨት፣ በላስቲክ ደራርቦ ማሰር። ሽሮውም እንደዚያው። ድርቆሽ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም። ሁሉም በሰላም አለፈልኝ።

ጉዱ ቅቤው ላይ ነው። እናቴ ለጋውን ከወረኢሉ አስመጥታ በኮረሪማና በኮሰረት አነጠረችልኝ። ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ "የገናሽ ዶሮ ያለ ቅቤ አይሆንም" ብላ ከራሷ ጨመረችበት። እኛ ሰፈር ሥጋው ለየብቻ ነው፤ ቅቤና ዳቦ ግን የጋራ ነው።

ትኬት የቆረጥኩበት ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። "በደንብ ከታሸገ ችግር የለውም" አለኝ ሰውየው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። እርግጠኛ ነህ ወይ ስለው "ስንቱ ይዞ ይሄዳል" ብሎ ሸኘኝ። ፍራንክፈርት ላይ የጉምሩክ ሠራተኛዋ ሻንጣዬን አስከፈተችኝ። ሕጉ ግልጽ ነው። ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ውጤት መያዝ አይችልም። ማሸጊያ አያድንም። "ለራሴ ነው" ማለትም አያድንም። ለመንኳት፣ አስረዳኋት፣ ዓይኔ እያየ ጣለችው። እሷን አልቀየምኩም፣ ሥራዋ ነው። ሰውየውን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። መንገደኛ ማስተናገድ ሥራው ሆኖ ይህን እንዴት አያውቅም? ካላወቀስ "አላውቅም" ማለት ምን ይከብዳል? እናቴ ደውላ "ቅቤው ደረሰ?" ስትለኝ አፌ ተሳሰረ።

ስለዚህ ቅቤውን ሳይሆን ቅመሙን ያዙ። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽ፣ እርድ፤ ደርቆ የተፈጨ። እዚያ ጨው የሌለበት ቅቤ ከየሱቁ ታገኛላችሁ። እሳቱን ቀንሳችሁ፣ አረፋው ጠፍቶ ቅቤው እስኪጠራ አንጥሩት። የእናቴን አያክልም፤ ወጡን ግን ወጥ ያደርገዋል።

ዶሮዋን በተመለከተ፣ የሱፐርማርኬቷን ለስላሳ ዶሮ አትግዙ። ቁሌቱ ውስጥ ትፈራርሳለች። ጀርመኖቹ ለሾርባ ብለው የሚሸጧት፣ እንቁላል ስትጥል የኖረች ዶሮ አለች፤ እሷን ፈልጉ። ሙሉዋን ግዙና 12 ብልቱን ራሳችሁ አውጡ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የማብሰያ ሰዓት እርሱት፣ ለእኛ ወጥ አልተጻፈም።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ያሉ ማኅበሮቻችን "ይመቻል" እያሉ በዓሉን ወደ ቅዳሜ ያዞሩታል። እኔ አልስማማም። ላሊበላ ላይ ቤዛ ኩሉ እየተዘመረ ቢሮ መቀመጥ አልችልም። ገና ታኅሣሥ 29 ዋለ፣ በዘመነ ዮሐንስ 28 ዋለ፣ በፈረንጆቹ ያው ጃንዋሪ 7 ነው። ፈቃዱን በጊዜ ጠይቁ። ባቫሪያ የምትኖሩ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ጃንዋሪ 6 እዚያ በዓል ስለሆነ ሥራ የለም። ሽንኩርቱን ያን ቀን ከጠዋት ጀምራችሁ አቁላሉ።