«ደንቆሮ! ደንቆሮ!»

ደቡብ ወሎ ያለውን ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክን በሙሉ ስሙ የሚጠራ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። አፍ ይሞላል። በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ከመሆኑ በፊት «ደንቆሮ ጫካ» ነበር የሚባለው፤ ዛሬም ብዙው ሰው «ደንቆሮ» ነው የሚለው። ይህችን ያዙልኝ።

ጥቅምት 2011 ነው። ባለቤቴ «አንድ ቀን እንኳ አውጣኝ» ስትል ከርማለች። ወኔ መጣብኝና ደንቆሮ ልወስዳት ደሴ ላይ ቪትዝ ተከራየሁ። አዎ፣ ቪትዝ። ባለመኪናው ሐጂ ናቸው፣ የተከበሩ ነጋዴ። መታወቂያዬን ተቀብለው ቁልፉን ሲሰጡኝ እጄን ያዝ አደረጉና፣ «ልጄ፣ አደራ፣ ፒስታ እንዳታስገባብኝ» አሉኝ።

«ኧረ ሐጂ! ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ነው» አልኩ። ውሸቱ እንዴት ከአፌ እንደወጣ እኔም አላውቅም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት እኔ፣ ባለቤቴና ታናሽ ወንድሟ ተነሳን። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ አይጣል ነው። ጉሙ መኪናዋን ጋቢ አከናነባት። የባለቤቴ ወንድም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ቀኝ! ግራ!» እያለ እንደ ሲኖትራክ ረዳት መራኝ። ጊምባን፣ አቀስታን አልፈን መካነ ሰላም ስንደርስ ረፍዷል።

ከዚያ ፒስታው መጣ። ቪትዟ ዳገት የምትወጣው ሾፌሯን ብቻ ይዛ መሆኑን እዚያ አወቅን። እኔ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ ነጠላዋን አገልድማ ከወንድሟ ጋር ትገፋለች።

«አውጣኝ አልኩህ እንጂ መኪና ላውጣልህ አልኩህ?»

መልስ አልነበረኝም።

ጫካው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ያስረሳል። ከፍታው ላይ ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ እንደ ዘብ ቆሟል። ወደ ታች ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ጭላዳዎቹ ደረታቸውን ቀላ አድርገው፣ በመንጋ ተቀምጠው፣ በጣታቸው ሳር ይነጫሉ። ባለቤቴ ዳቦ ልትወረውርላቸው ስትል የፓርኩ ጠባቂ ስካውት፣ «ተይ እቴ፣ የነሱ ሲሳይ ሳር ነው፣ አመል አታስወጫቸው» አላት። ቀይ ቀበሮ አላየንም። «አሁን እዚህ ነበረች» ብሎናል ግን፤ ሦስት ቦታ ላይ።

ስንመለስ ጎማ ተነፈሰ። ስኮርት አለ፣ ክሪክ የለም። ቀኑን ሙሉ የጠፋው ኔትወርክ ያን ሰዓት መጣና ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው።

«ልጄ፣ ከኮምቦልቻ አልተመለሳችሁም እንዴ?»

ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝ። «ሐጂ፣ ይቅርታ... ደንቆሮ...»

«ምን አልክ?»

«ደንቆሮ!»

ድምፃቸው ይቆራረጣል። «እየነዳህ ነው?» ያሉኝ መሰለኝ።

«አዎ ሐጂ! ደንቆሮ! ደንቆሮ!»

ተቋረጠ። ባለቤቴ አፏን ይዛ ታየኛለች። እሷ አጠገቤ ስለነበረች በደንብ ሰምታለች። ሐጂ ያሉት «እኔን ነው?» ነው።

መልሼ ብደውል ኔትወርክ የለም። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች «አብሽር» ብለው መኪናዋን በእጃቸው ብድግ አደረጓትና ጎማውን ቀየርን። ቪትዝ መከራየቴ የጠቀመኝ እዚያ ጋ ብቻ ነው።

ደሴ የገባነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ሐጂ በረንዳው ላይ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። መታወቂያዬ መሀላቸው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ ልክ እንደ ኤግዚቢት። ቪትዟ እስከ መስታወቷ ጭቃ ናት። እያላበኝ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ኮምቦልቻውን፣ ፒስታውን፣ ጫካውን፣ ስሙን።

ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹም ዝም አሉ። ከዚያ ሐጂ ኮፊያቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ታዲያ ምኑን ተሳሳትክ? ላንተ ቪትዝ የሰጠ ሰው ሌላ ምን ይባላል?»

የእጥበቱንና የጎማውን ግን አስከፈሉኝ።

ዒድ ሲደርስ እንኳን አደረሰዎ ልላቸው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው የልጅ ልጃቸው ነው። ሃሎ እንኳ ሳይለኝ ወደ ውስጥ ጮኸ፦

«አባዬ! ደንቆሮ ደውሏል!»