ልጄ ኦቲዝም ይኖርባት ይሆን? ሀዋሳ ላይ ሆኜ እንዴት እንዳጣራሁ

ልጄ ወደ ሁለት ዓመቷ ስትጠጋ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «አፏን ፈታች?» ጎረቤት ይጠይቃል። ዘመድ በስልክ ይጠይቃል። «ውሃ» ትላለች፣ «እምቢ» ትላለች ብዬ እመልሳለሁ። «አይዞሽ፣ ትደርስበታለች» ይሉኝና ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የቃላቱ ማነስ ብቻ አልነበረም። ሚጣ ብቻዋን መሆን በጣም ይመቻታል። የለስላሳ ቆርኪ ትሰበስብና ግድግዳ ሥር ትደረድራለች። አንዷ ቆርኪ ፈቀቅ ካለች ትመልሳታለች። አታስቸግርም፣ አትነዘንዝም፣ እንግዳ ላይ አትንጠላጠልም። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይላሉ ቤታችን የሚመጡ ሰዎች። እናቴም በዚህ ትኮራ ነበር። ወንድ ልጅ ቢሆን ኖሮ ቶሎ እንጠረጥር ነበር ብዬ አምናለሁ። ኦቲዝም (ልጅ ከሰው ጋር በሚግባባበት መንገድ ላይ የሚታይ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት) በወንዶች ላይ በብዛት ይታያል፣ እውነት ነው። ሴቶቹ ግን በሌላውም አገር ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው የሚታወቁት። እኛ ዘንድ ደግሞ ዝምተኛ ሴት ልጅ ትመሰገናለች፤ ሐኪም ጋ ውሰጃት የሚል የለም።

አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወሰድናት። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣውን እየሰነጠቁ ሆድ ዕቃውን ይጥላሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አጠገባችን በሚጣ ዕድሜ ያለ ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጧል። ወፏ ክንፏን ስትዘረጋ በጣቱ ጠቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ፊት አየ። ደግሞ ወፏን፣ ደግሞ አባቱን። አፉን ገና አልፈታም፤ «እእ! እእ!» ነው የሚለው። ግን አባቱ ያየውን እንዲያይለት ይፈልጋል። ሚጣ የተከመረ መረብ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጣቷን በመረቡ ቀዳዳ ታስገባለች፣ ታወጣለች። ደስ ብሏታል፤ ፊቷ ያስታውቃል። «ሚጣዬ፣ ወፏን እይ!» ብዬ ጠቆምኩላት። ያየችው ጣቴን ነው።

ከዚያ ወዲህ ቃል መቁጠሬን ተውኩና ይህንን መከታተል ጀመርኩ። ያየችውን ታሳየኛለች ወይ? ልጅ የሚጠቁመው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ «ስጪኝ» ለማለት ነው። ሌላው «እይልኝ» ለማለት ነው። አብዛኞቹ ልጆች ዓመት ከሞላቸው በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ሁለቱንም ያደርጋሉ። ሚጣ አንዱንም አታደርግም ነበር። የሆነ ነገር ስትፈልግ አንጓዬን ይዛ ትጎትተኝና እጄን የፍሪጁ እጀታ ላይ ታስቀምጠዋለች። ፊቴን አታይም። ይህ ለብቻው ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ግን ስሟ ሲጠራ አለመዞሯ፣ በእግር ጣቶቿ ቆማ መራመዷ፣ የገብርኤል ንግሥ ቀን የድምፅ ማጉያው ሲጮህ ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ መተኛቷ፣ በወጥ የራሰ እንጀራ አለመንካቷ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆን ዝም የሚያሰኝ አልነበረም።

መጀመሪያ ያደረግነው ጆሮዋን ማስመርመር ነው። ከጀርባዋ ሆኜ ስጠራት አትዞርም። የብስኩት ላስቲክ ሳንኮሻኩሽ ግን ከሌላ ክፍል ትመጣለች። ባለቤቴ «በደንብ ትሰማለች፣ ምን ምርመራ ያስፈልጋታል?» አለኝ። የሕፃናት ሐኪሟ አልተስማሙም። ከፊል የመስማት ችግር ያለበት ልጅ አንዱን ድምፅ ሰምቶ ሌላው ሊያመልጠው ይችላል አሉን። ጆሮ ውስጥ የሚቋጠር ፈሳሽም ንግግር ያዘገያል። ተመረመረች፣ ደህና ሆነ። ያንን በር ዘግተን ወደ ቀጣዩ ሄድን።

ቀጣዩ ወላጅ የሚሞላው፣ የኦቲዝም ምልክት መኖሩን የሚያጣራ መጠይቅ ነበር። ኤም-ቻት አር ይባላል። 20 ጥያቄዎች አሉት፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። የተዘጋጀው ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ነው፣ በነፃ ይገኛል። ነጥቡ የሚያሳስቡት መልሶች ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 2 ነጥብ ዝቅተኛ ሥጋት ነው። ከ3 እስከ 7 ከሆነ ተጨማሪ ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሙሉ ምርመራ መሄድ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ በአብዛኞቹ ጥያቄዎች የሚያሳስበው «አይደለም» የሚለው መልስ ነው፤ በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ12ኛው ግን «አዎ» የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ፣ ልጁ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ያደረገውን፣ ዘወትር ግን የማያደርገውን ነገር «አይደለም» ብሎ መሙላት ነው። የእናት ልብ እዚህ ጋ ትንሽ ይታገላል። አንዴ ያደረገችውን «አዎ፣ አድርጋለች!» ማለት ያምራል።

እኔና ባለቤቴ ለየብቻ ሞላነው። ይህንን ለማንም እመክራለሁ። የተለያየንባቸውን ጥያቄዎች ይዘን ልጅቷን ራሷን መከታተል ጀመርን። እሱ «ለማሳየት ትጠቁማለች» ብሎ ነበር። ስንከታተል የሚያስታውሰው ጥቆማ ቴሌቪዥኑን በጣቷ መንካቷ ነበር። በእኔ በኩል «ፈገግ ሲሉላት ፈገግ አትልም» ብዬ ነበር፤ እሱ ጋ ግን ሁልጊዜ ትስቃለች። የተስማማንበት ውጤት ከ8 በላይ ሆነ። መጠይቁ ኦቲዝም ነው ብሎ አይፈርድም። ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ልጅ ሁሉ ኦቲዝም የለበትም። ግን ብዙውን ጊዜ የሆነ የዕድገት መዘግየት ይገኝበታልና ወደ ሐኪም መሄዱ በከንቱ አይቀርም።

ወደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስንሄድ (ብዙዎቻችን እስካሁን «ሪፈራል» ነው የምንለው) ሦስት ነገር ይዤ ነበር። የክትባት ካርዷን፣ የአወላለዷን ታሪክ የጻፍኩበት ወረቀት፣ እና በስልኬ የቀረጽኳቸው አጫጭር ቪዲዮዎች። ከሁሉም የጠቀመን ቪዲዮው ነው። ልጅ ሐኪም ፊት ወይ ይተኛል ወይ ያለቅሳል። ሚጣ ገና ስንገባ ነጭ ጋውን አይታ አንገቴ ሥር ተወሸቀች። ቪዲዮው ላይ ግን ስትበላ፣ ቆርኪ ስትደረድር፣ ከጎረቤት ልጆች አጠገብ ስትጫወት፣ ስታኮርፍም ስትስቅም ትታያለች። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሐኪሞቹም ጥቂት ናቸው፤ ባላችሁ ደቂቃ ልጃችሁን በትክክል ማሳየት ትልቅ ነገር ነው።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ ነገር ልናገር። ከዚያ በፊት አንድ የግል ክሊኒክ የጭንቅላት ኤምአርአይ እንድናስነሳት ነግሮን ነበር። ብድር ልንገባ አስበናል። ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ የጭንቅላት ምስል የለም። የሚታወቀው ልጁን በማየትና ወላጅን በመጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ ምርመራ የሚታዘዘው ልጁ የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ ምልክት ሲኖረው ነው። «ለምንድነው የሚታዘዝላት? ምን ልታገኙ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ከሕፃናት ክፍል ወደ ሥነ አእምሮ ክፍል ተላክን። በአንድ ቀጠሮ አላለቀም። በመጨረሻ ዶክተሯ ኦቲዝም መሆኑን ነገሩን። አለቀስኩ። ባለቤቴ ዝም ብሎ የሚጣን ጫማ ሲያስር አስታውሳለሁ። ዶክተሯ አላቻኮሉንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲጠቅስ የቆየው ግምት ከ100 ልጆች 1 ገደማ ነው አሉን። ይህንን ስሰማ ሀዋሳ ውስጥ ስንት ቤት ይህችኑ ጨዋ ልጅ እያሳደገ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

የቤተሰብ ነገር ቀላል አልነበረም። እናቴ «ልጄ፣ ዓይን ነው። ሰው እያየ ታምራለች ሲል እኮ ሰምቻለሁ» አለችኝ። ጠበል መሄድ ፈለገች። «እማዬ፣ ጠበሉን እንሄዳለን፤ ሐኪሙንም አንተውም» አልኳት። ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ ሄድን። ለአባ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው፤ «አባ፣ ውሃ ድንገት ሲፈስባት በጣም ትደነግጣለች።» «እንግዲያው ልጄ፣ አንቺው በእጅሽ አስነኪያት» አሉኝ። እንዲያ አደረግን፤ እናቴ ልቧ አረፈ። እምነትና ሕክምና በእኛ ቤት አልተጣሉም። አጥብቄ የምቃወመው ልጅን በጉልበት መያዝን ወይም ሕክምናን ማስተውን ነው።

አማቴ ደግሞ የሲዳማ ተወላጅ ናቸው፤ ለሚጣ የሚያወሩላት በሲዳሙ አፎ ነው። ጎረቤት «ሁለት ቋንቋ አደናገራት» ሲል ሰምተው ማውራቱን ተዉት። ቤታችን ሲመጡ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር፤ ያሳዝኑኛል። ዶክተሯን ጠየቅኩ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም፣ ንግግርንም አያግድም አሉን። አማቴ በደስታ ወደ ዘፈናቸው ተመለሱ።

የክትባት ወሬም አለ። «የኩፍኙ ክትባት ነው» ያለችኝ ጎረቤት ከልቧ አዝናልኝ ነው። የወሬው ምንጭ በ1998 እ.ኤ.አ. አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ ያወጣው ጽሑፍ ነው። ያሳተመው ላንሴት መጽሔት በ2010 ሰርዞታል፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ግንኙነት አላገኙም። እኛ አገር የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ነው የሚሰጠው። የኦቲዝም ምልክቶች ጎልተው የሚታዩትም በዚያው ዕድሜ ስለሆነ ነገሩ ይመሳሰላል። የሚጣን ክትባት ሙሉ አስከተብኩ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ቤት ውስጥ ያደረግነው። የምርመራውን ውጤት ሳንጠብቅ ነው የጀመርነው፤ ልጁ ኦቲዝም ባይኖርበት እንኳ የሚጎዳው ነገር የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት ያለው። ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ልዩ ዕቃ አያስፈልግም፤ ጨዋታውና የየቀኑ የቤት ሥራ ራሱ መማሪያ ነው።

ወለል ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ቆርኪዎቹን አልቀማኋትም፤ አብሬያት ደረደርኩ። አንድ እሷ፣ አንድ እኔ። ከዚያ የእኔን ቆርኪ ይዤ ቆም አልኩ። ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ለእናት ዝም ብሎ መጠበቅ ከሁሉም ይከብዳል። ቀና ብላ ስታየኝ ወዲያው «ቆርኪ!» ብዬ ሰጠኋት። ንግግሬንም አሳጠርኩ። «ነይ እስኪ ውሃ ጠጪና ከዚያ እንወጣለን» ማለቴን ትቼ «ውሃ ጠጪ» ማለት ጀመርኩ። ዳቦና ሙዝ በሁለት እጄ ይዤ «ዳቦ? ሙዝ?» እላታለሁ።

ከሁሉ የተሳካልን ግን ቡና ላይ ነው። ፈንዲሻውን ሳህኑ ላይ አንሰጣትም። እኔ አንድ አንድ ፍሬ እሰጣታለሁ። «ለሚጣ።» ትበላለች። «ለአያቴ» እልና ለአማቴ አሰጣታለሁ። አማቴ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ፍሬዋን እሷው ትበላት ነበር። እየዋለ ሲያድር እጇን ዘረጋች። አንድ ቀን አማቴ ሌላ ሰው እያናገሩ ሳሉ እጃቸውን ጎተተችና ፊታቸውን አየች፤ እስኪያዩዋት ጠብቃ ፈንዲሻዋን አፋቸው ውስጥ ከተተች። አማቴ እልል አሉ፤ ጆሮዋን ይዛ ሮጠች። ሁላችንም እየሳቅን አለቀስን።

ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ቀነስን። ኦቲዝሙን ስክሪን አላመጣውም፤ ምልክቶቹም በዚህ አልጠፉም። ግን ከእኛ ጋር የምትሆንበት ሰዓት ረዘመ።

የንግግር ቴራፒስት በአገራችን ጥቂት ነው፣ ያሉትም አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከእኛ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚያ በኩል ስማቸው የሚነሳው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል፣ እንዲሁም ወ/ሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስላለበት በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ናቸው። ወ/ሮ ዘሚ በ2021 አርፈዋል፤ ዛሬ ስለ ልጄ በግልጽ መጻፍ የቻልኩት እሳቸው የዚያን ጊዜ አፍረው ስላልደበቁ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሩቅ የሚመጣ ወላጅ ቴራፒስት ሲያገኝ «ቤት ሄጄ ምን ልሥራ?» ብሎ ይጠይቅ፣ ያሳዩትንም በስልክ ይቅረጽ። በየሳምንቱ መመላለስ ለአብዛኞቻችን አይቻልም።

ሚጣ ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች። አንድ ትምህርት ቤት «ሌሎቹን ታውክብናለች» ብሎ መልሶናል። ሌላው ተቀበለን፤ መምህርቷም «ምን ልወቅ?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ገጽ ጻፍኩላት። ደወሉ ከመደወሉ በፊት ይነገራት። ዓይን ለዓይን እንድታይ አትገደድ። ምሳዋ ደረቅ እንጀራና ዳቦ ነው፤ ወጥ አይነካባት። ስታለቅስ ብዙ አይወራባት፤ ጥግ ላይ ትንሽ ትቀመጥ። ኪሷ ውስጥ ቆርኪ አለ፤ አይወሰድባት። የእኔና የባለቤቴ ስልክ ከታች ተጽፏል፤ በማንኛውም ሰዓት ይደወልልን።