ስንብቱ መጨረሻ ላይ የመጣበት መጽሐፍ

የምሠራው ገላን ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ መውጫ ላይ ባለ ማተሚያ ቤት ነው። ሥራዬ ሌይአውት ነው፤ ጽሑፉንና ሥዕሉን በየገጹ አደራጃለሁ። አንድ መጽሐፍ ፕሌት (ማሽኑ የሚያትምበት የብረት ሉህ) እስኪወጣለት ድረስ በእኔ እጅ ያልፋል። ይህ ጥፋትም በእኔ እጅ ነው ያለፈው።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ይዘው መጡ። አንዲት ትንሽ ልጅ ከእናቷ ጋር ወደ ካናዳ ትሄዳለች፤ ታሪኩ ይኸው ነው። 32 ገጽ አለው። ጽሑፉ በየገጹ ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ የሚናገረው ሥዕሉ ነው። እስከ ገጽ 8 ሰፈሯ ነው። ከ9 እስከ 16 ስንብቱ። ከዚያ በኋላ ቶሮንቶ፦ በረዶ፣ አዲስ ትምህርት ቤት፣ ስሟን መጥራት የሚያቅታት አስተማሪ።

ስንብቱን እስከ ዛሬ ገጽ በገጽ አስታውሰዋለሁ። አያቷ ሻንጣውን በሚንጠለጠል ሚዛን ይመዝናሉ። 23 ኪሎ እንዳያልፍ ሽሮው ይወጣል፣ በርበሬው ይገባል። በሶው ይወጣና ተመልሶ ይገባል። ልጅቷ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች ትስማለች። ገጽ 16 ላይ አያቷ ቦሌ ኤርፖርት በር ላይ ቆመዋል፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል። እዚያ ገጽ ላይ አንድም ቃል የለም።

ዋጋ ስንነጋገር ወጪው ከበዳቸው። ልረዳቸው ብዬ «መምህርት፣ ስንብቱ ረዝሟል። እነዚህን 8 ገጾች ብናወጣ 24 ገጽ ይሆናል፤ ብዙ ይቀንስልዎታል» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ከሌላው ቀንስ። ይህን አትንካብኝ» አሉ።

ስለዚህ የቀነስነው ከጥረዛው ነው። በክር ሊሰፋ የነበረው መጽሐፍ በሽቦ እንዲሆን ተስማማን።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። 32ቱ ገጽ የሚታተመው በሁለት ትልልቅ ወረቀት ላይ ነበር። እያንዳንዱ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። በክር የሚሰፋ ከሆነ ሁለቱ እጥፋቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ ከ1 እስከ 16፣ ቀጥሎ ከ17 እስከ 32። በሽቦ ከሆነ ግን አንዱ እጥፋት በሌላው ሆድ ውስጥ ይገባል። ውጪኛው ከ1 እስከ 8 እና ከ25 እስከ 32 መያዝ አለበት፤ መሃሉን ውስጠኛው ይይዛል። እኔ ጥረዛው ሲቀየር የገጾቹን አደራደር አልቀየርኩም። ኮምፒውተር ላይ ስገልጠው ሁሉም በተራው ነው። ወረቀት አጥፌ ዳሚ፣ ማለትም የገጾቹን ተራ የማይበት ናሙና፣ አልሠራሁም። ሥዕሉን እንዳይረብሽ ተብሎ የገጽ ቁጥር እንኳ አልተጻፈበትም።

1,000 ቅጂ ታተመ። ጥረዛ ክፍል 200 ያህሉን በሽቦ ሰፍቶ ጨርሶ ነበር።

ከጠራዦቹ አንዷ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። የእህቷን ልጅ ታሳድጋለች። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። ቤት የሚጠብቃት ስለሌለ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እኛ ጋ ትመጣለች፤ ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ስትስል ትቆያለች። የዚያን ቀን አንዱን መጽሐፍ አንስታ ስታገላብጥ ቆየችና ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ሳትሰናበት ነው እንዴ የሄደችው?»

«ኧረ ተሰናብታለች። ገጽ ዘለሽ ይሆናል።»

«አልዘለልኩም። መጀመሪያ ሄደች። ስንብቱ መጨረሻ ላይ ነው።»

ተቀብያት ገለጥኩት። ከሰፈሯ ቀጥሎ በረዶ መጣ። ቶሮንቶ ካለቀ በኋላ ሚዛኑ፣ ሽሮው፣ በርበሬው። የመጨረሻው ገጽ ላይ አያቷ ነጠላቸውን ይዘው ቆመዋል። ላብ አጠመቀኝ። ሮጬ ሄጄ የሽቦውን ማሽን አስቆምኩ።

ስመለስ ልጅቷ እዚያው ቆማለች። «እማዬም እንዲህ ነው የሄደችው» አለችኝ። «ተኝቼ ነበር። ስነሳ ቤይሩት ሄዳለች አሉኝ።»

አክስቷ እጇ ላይ የነበረውን ወረቀት አስቀምጣ ፊቷን አዞረች። ልጁ እንዳያለቅስ ተብሎ እንዲህ የሚደረግበት ቤት ብዙ ነው። በክፋት አይደለም። ግን ያንን ስንብት ረዝሟል ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ አላስፈላጊ 8 ገጽ መስሎኝ።

ለመምህርት ወዲያው ደወልኩላቸው። ሳላድበሰብስ ነገርኳቸው። በማግስቱ በጠዋት መጡ። አልተቆጡም። «ማን ነው ያየው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ቅዳሜ ስለነበር ልጅቷም እዚያው ነበረች። አጠገቧ ተቀመጡና መጽሐፉን አብረው አነበቡት። አያቷ ወደ ቶሮንቶ የሚደውሉበት ገጽ ላይ ሁለት መስኮት ተስሏል፤ አንዱ ብርሃን፣ አንዱ ጨለማ። «እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን በእነሱ ክረምት እዚያ እኩለ ሌሊት ነው» አሏት።

«ቤይሩትስ?»

«ቤይሩትማ ከእኛ እምብዛም አይለይም። አንቺ ስትተኚ እሷም ትተኛለች።»

ልጅቷ ይህን ለአክስቷ ልትነግር ሮጣ ሄደች።

እጥፋቶቹ ከመነሻው ለክር የተደረደሩ ስለነበሩ ወረቀቱ አልተጣለም። ወደ ክር ስፌት ተመለስን። የተሰፉትን የ200ዎቹን ሽቦ አንድ በአንድ ነቅለን አወጣን። ሽፋኑ ለጀርባው ውፍረት ቦታ ስላልተተወለት 2 ሚሊ ሜትር ያህል አጠረ፤ ከዳር ቆርጠን አስተካከልነው። ሦስት ምሽት አብሬ አመሸሁ። ለኃላፊዬ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት። መምህርት ላይ አንድ ብር አልተጨመረም። ከዚያ ወዲህ ባዶ ወረቀት አጥፌ በእርሳስ ቁጥር ሳልጽፍበት የትኛውም ሥራ ወደ ፕሌት አይሄድም። ዳሚውንም ሥራውን ለማያውቅ ሰው ሰጥቼ አስገልጠዋለሁ።

ሥራው ባለቀ ዕለት በክር ከተሰፉት መሃል ንጹሑን መርጬ ለልጅቷ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው ገልጣ አየችውና መለሰችልኝ።

«ያኛው የለም?» አለችኝ።

«የትኛው?»

«መጨረሻ ላይ የሚሰናበቱበት።»

ሽቦው ያልተነቀለ አንድ ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ስህተቱን እንዳልረሳ ያስቀረሁት። አውጥቼ ሰጠኋት።