ጤፉ ተኝቷል

ዛሬ ቢሾፍቱ አካባቢ አጎቴ ማሳ ላይ ዋልኩ። የሌሊቱ ዝናብና ነፋስ ጤፉን መሬት ላይ አስተኝቶታል፣ ያውም ፍሬው ሊሞላ ሲል! በጣም ነው ያዘንኩት። አገዳው ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ማዳበሪያ ሲጨመርለት ጭራሽ ይብስበታል። ሩዝ ላይ ይህን ችግር ያቃለለው ጅብረሊን የሚባለውን የማደጊያ ሆርሞን የሚቀንስ የአንድ ጂን ለውጥ ነው፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው አይአር8 የተባለው አጭር የሩዝ ዝርያ ያንን ሁሉ ምርት የሰጠው ሳይወድቅ ስለሚቆም ነው። ጤፍ ግን ከሁለት የዘር ሐረግ የመጣ፣ 40 ክሮሞዞም ያለው ተክል ስለሆነ ጂኑ በሁለት ቅጂ ይገኛል፤ አንዱን ቅጂ ብታጠፋው ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ክሪስፐር በሚባለው የጂን ማረሚያ ዘዴ ሁለቱንም አንድ ላይ ማረም ይቻላል። እኔ በዚህ ሥራ በጣም ተስፋ አለኝ። ይህንን ለአጎቴ ሳስረዳቸው "ጭዱስ? በሬዎቹ ምን ሊበሉ ነው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቁመቱ ሲያጥር ጭዱም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ምን ያህል ይጠር የሚለውን ከገበሬው ጋር ተቀምጦ መወሰን የግድ ነው።