ከድሬዳዋ የመጣው ማሽን

የቡና ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ልደታ ነው፤ ሥራው ግን ከየአቅጣጫው ይመጣል። ከአዳማም፣ ከሐዋሳም በአይሱዙ ጭነው ይልኩልኛል።

2016 ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ መለዋወጫ አይቀመስ ሆነ። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። ለደንበኛ የአንድ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የማሸጊያ ጎማ፣ ዋጋ ስትነግረው “ማሽኑን በሙሉ ነው እንዴ?” ይልሃል።

በዚያው ሰሞን ከድሬዳዋ ባለ ሁለት ግሩፕ፣ ማለትም ሁለት የቡና መውረጃ ያለው፣ ማሽን መጣ። ማሞቂያው ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል ይላል ባለቤቱ። ውሃው የሚፈላበትን ቦይለር ስከፍተው ሬዚስታንሱ፣ ማሞቂያው ማለት ነው፣ ነጭ ድንጋይ ለብሷል። የድሬ ውሃ ከሳቢያን ጉድጓዶች የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ነው፤ ድሬ ያደገ ሰው የማንቆርቆሪያውን ውስጥ ያውቀዋል። ድንጋዩ ሙቀቱን ወደ ውሃው ስለማያሳልፍ ሬዚስታንሱ በገዛ ትኩሳቱ ይቃጠላል። እስከዚህ ድረስ የተለመደ ሥራ ነው።

ያስቆመኝ ስቲሙ ነው። ወተት የሚያሞቀው እንፋሎት የሚከፈትበት ቧንቧ ውስጥ ከጣት ቀጠን የምትል ዘንግ አለች። ባሪስታዎቻችን ስቲም ሲዘጉ እልህ የተጋቡ ነው የሚመስሉት፤ እስኪያቃስት ያጠብቁታል። ስለዚህ የዘንጓ ጫፍ ላይ ያለው ጎማ ይቆረጣል፣ የዘንጓም ጥርስ ያልቃል። የዚያ ሞዴል ዘንግ ብራስ ነው፣ ቢጫ። ከዚህኛው የወጣችው ግን ነጭ ስቴይንለስ ናት። ሞርሳ ላይ አስሬ በካሊፐር ለካኋት። ልኳ ልክ ነው። ጥርሷ ላይ ጥፍሬን ባስኬድበት የሚይዝ ቦታ አጣሁ። የጎማው መቀመጫ ደግሞ ከፋብሪካው ትንሽ ጠለቅ ብሏል። ባሪስታው እንዳሻው ቢያጠብቅ ጎማው እንዳይቆረጥ ታስቦበት ነው። እንዲህ የሠራ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚውንም ያውቀዋል።

የካፌውን ባለቤት ማን እንደሠራት ጠየቅሁት። “መጋላ ቶርኖ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው” ብሎ ቁጥራቸውን ላከልኝ። መጋላ የድሬ ሰፈር ነው፤ ቶርኖ ደግሞ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን። ደወልኩ።

“እንደምን ዋሉ። ከአዲስ አበባ ነው የምደውለው። ለአንድ ካፌ የሠሩትን የስቲም ዘንግ አይቼ ነበር…”

“ምን ሆነ? ተሰበረ?”

“አይ፣ አልተሰበረም።”

“ያፈሳል?”

“ኧረ አያፈስም። እንዴት እንደሠሩት ልጠይቅዎት ብዬ ነው።”

ዝም አሉ። ከኋላ የቶርኖው ሞተር ይሰማል። ከዚያ፣ “አቦ፣ መጀመሪያ እርስዎ የሚለውን ተወው። እዚህ ድሬ ነው” አሉኝ። እኔ ጎጃም ያደግኩ ሰው፣ አባቴን የሚያክል ሰው “አንተ” ማለት እስከዛሬም ምላሴ ላይ አልገባም። እሱ ግን ስለጠየቀኝ፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ እንኳ ልሞክረው።

ለምን ብራሱን እንደተወው ነገረኝ። ብራስ ለቶርኖ የሚመቸው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለበት ነው። እሱ የሚያገኘው ደግሞ ከአሮጌ ቧንቧ የቀለጠ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። “ይሄ እንፋሎት ወተት ውስጥ ይገባል። ወተቱን ልጅ ይጠጣዋል” አለ። ዋጋ ሳላነሳ፣ ማንነቴንም በቅጡ ሳይጠይቅ ነው ይህን ሁሉ የነገረኝ። ሙያውን የተማረው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከተማዋም ያደገችው በሱ ነው። ለባቡር የሚሆን ዕቃ ከገበያ ሲጠፋ እዚያው ይቀረጽ ነበር፤ እንደገና መሥራት እንጂ “የለም” ማለት አልለመደበትም።

ለኔም የማላውቃቸው ሰዎች ይደውሉልኛል። አብዛኞቹ ገና ስማቸውን ሳይነግሩኝ “አብረን እንሥራ” ይላሉ። የትኛውን ሥራዬን እንደሚያውቁ ብጠይቃቸው መልስ የላቸውም። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ስልኩን ቶሎ አይዘጋም።

ያለቁ ዘንጎች ሰብስቤ በአውቶቡስ ላክሁለት። አዲሶቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው መጡ። ዋጋ ሳንነጋገር ስለነበር ግማሹን ገምቼ በቴሌብር ላክሁ። ገንዘቡ ተመልሶ መጣ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

“ወሪያ! መጀመሪያ ግጠመው። አንድ ወር ይሥራ፤ ባሪስታ ይጠምዝዘው። ከዚያ ነው ሒሳብ።”

ወሩ አለቀ፤ የተመለሰ ዕቃ አልነበረም። በስልክ ተነጋግረን ደንባችንን ደብተር ላይ ጻፍን። የተሰበረውን እሱ በነፃ ደግሞ ይሠራል፤ የአውቶቡሱን እኔ እከፍላለሁ። እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ እሱም በራሱ ደብተር ጻፈው። ገንዘቡ ትንሽ እያለ መጻፋችን ጠቅሞናል፤ ከበዛ በኋላ ቢሆን ኖሮ መተፋፈሩ ይመጣ ነበር።

ቀጥሎ የውሃው ነገር መጣ። ሬዚስታንስ ሲቃጠል መቀየር መፍትሔ አይደለም አልን። ውሃው ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ማለስለሻ አለ፤ ውስጡ ኖራውን የሚይዝ ሬዚን ያለበት ሲሊንደር ነው፤ ሬዚኑ ሲሞላ በጨው ይታጠባል። ችግሩ በጨው ማጠቡን ካፌዎቹ ይረሱታል። እኔ ማለስለሻውን አቀርባለሁ፤ እሱ ድሬ ላይ ይገጥማል፣ ያሳጥባልም። በአቧራና በፀሐይ ከካፌ ካፌ የሚዞረው የእህቱ ልጅ ነው፤ ባጃጅ አለው።

ማኅበር እናቋቁም ስል አንድ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። “ብቻህን አውጣና ከሳቸው ግዛ፤ ምን አሸከመህ?” አለኝ። ምክሩ ሞኝ አይደለም። እኔ ግን ሰውየው ዕቃ አቅራቢ ሆኖ አይታየኝም። የጎማውን መቀመጫ ጠለቅ ያደረገው ማንም ሳይጠይቀው ነው። ይሄን የሚያስብ ሰው ከትርፉ ካልደረሰው፣ ነገ ሌላ ሰው ሲጠራው ቢሄድ አልፈርድበትም።

መመሥረቻ ጽሑፉን ሊፈርም አዲስ አበባ መጣ። በአካል የተያየነው ያኔ ነው። በሰኔ ወር ሁለት ጃኬቶች ደርቦ፣ “ሰው እዚህ እንዴት ይኖራል?” እያለ። የተጨቃጨቅነው በመዋጮው ነው። ቶርኖውን በገንዘብ ፈንታ በዓይነት መዋጮ ስናስገምት እሱ ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል፣ እኔ ከፍ አደርገዋለሁ። ገማቹ ግራ ገብቶት “የማን ንብረት ነው?” ብሎ ጠየቀን።

አሁን ሁለተኛ ቶርኖ እንግዛ እያልን ነው። እኔ አዲስ የቻይና አይቻለሁ። እሱ አልቀበልም ብሏል፤ ድሬ ውስጥ አንድ አሮጌ የፈረንሳይ ቶርኖ የሚሸጥ ሰው አለ፣ አልጋው፣ መቅረጫው የሚንሸራተትበት ሐዲድ፣ አላለቀም ይላል። ፎቶ ላክልኝ ስለው፣ “ቶርኖ በፎቶ አይገዛም፣ መጥተህ እየው” አለኝ። ቅዳሜ ልሄድ ነው።