ባኦፌንግ የሚባለውን የእጅ መነጋገሪያ ሬድዮ ገዝታችሁ ዝም ብላችሁ አታውሩበት

እዚህ አሜሪካ ለጥምቀት አስተባባሪዎች ይሄው ሬድዮ ሲታደል ላይሰንስ አላችሁ ወይ ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ሳቀብኝ። የሚያስቅ ነገር የለውም፣ ያለ ፈቃድ ለማስተላለፍ የኤፍሲሲ (የአሜሪካ የሬድዮና የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) መነሻ ቅጣት 10,000 ዶላር ነው፣ እንደ ጥፋቱ ከፍም ዝቅም ይላል። በ2021 አይዳሆ ውስጥ የሰደድ እሳት የሚያጠፉት ሰዎች ፍሪኩዌንሲ ላይ ገብቶ መረጃ ልስጣችሁ ያለ ሰውዬ፣ ያውም የአማተር (በትርፍ ጊዜ ሬድዮ ለሚሠሩ የሚሰጥ) ላይሰንስ ያለው፣ 34,000 ዶላር ነው የመጣበት። ሊረዳ ነው እኮ የገባው!

የባኦፌንግ ጣጣው ብዙዎቹ ላይ የፍሪኩዌንሲውን ቁጥር ከጻፋችሁለት የእሳት አደጋም ይሁን የሌላ ሰው ቻናል ላይ እሺ ብሎ ማስተላለፉ ነው፣ ያቺን የመናገሪያ የጎን ቁልፍ ተጫናችሁ ማለት አለቀ። ለፓርኪንግ ማስተባበር ኤፍአርኤስ የሚባለው ትንሹ ሬድዮ ያለ ላይሰንስ ይበቃል። ጠንከር ላለው ጂኤምአርኤስ ለሚባለው ሬድዮ ላይሰንሱ 35 ዶላር ለ10 ዓመት ነው፣ ፈተናም የለውም፣ ግን ለግለሰብና ለቤተሰቡ እንጂ ለቤተክርስቲያን አይሰጥም።