የዝናቡ አሥረኛ

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ከሱብሒ በኋላ

ማሾ ከማሳ እየገባ ነው። በሸዋ ሮቢትና በቀወት ቆላ በዚህ ሰሞን ሁለት ሰው ከተገናኘ ወሬው ወይ የማሾ ዋጋ ነው፣ ወይ የዘካው ሒሳብ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ምርቱ በጥንቱ የእህል መስፈሪያ አምስት ወስቅ፣ ማለትም 300 ሷዕ፣ በኪሎ 650 ገደማ ከሞላ ዘካ፣ ማለትም ግዴታ የሆነው የድሆች ድርሻ፣ ይወጣበታል። በዝናብ የበቀለ ከሆነ ከአሥር አንድ፣ በፓምፕ ተስቦ ወይም በእጅ ተቀድቶ የጠጣ ከሆነ ከሃያ አንድ። ከሁለቱም እኩል የጠጣ 7.5 በመቶ። አሥር ኩንታል ማሾ የዝናብ ከሆነ አንድ ኩንታል ይወጣለታል፣ የፓምፕ ከሆነ ሃምሳ ኪሎ። ወንዝ ያለ ወጪ በቦይ ወርዶ የሚያጠጣውም እንደ ዝናቡ ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ "መስኖ አይደል?" ብሎ በሃያ አንድ ያወጣል።

ይህን ድንጋጌ ሳሰላስለው ከእህሉ አልፎ ይሄዳል። ሰው ባልለፋበት ላይ ያለበት ሐቅ እጥፍ ነው። ላቡን ያፈሰሰበት ደግሞ ተቆጥሮለት ይቀነስለታል። የራስን ጸጋ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም።

ጸጋን በዚህ መለካት ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይፈልጋል። ገጹን በመስመር ለሁለት መክፈል፣ በአንዱ በኩል "ዝናብ"፣ በሌላው "ፓምፕ" ብሎ መጻፍ። ሳይለፉበት የመጣው ሁሉ ወደ ዝናቡ ይገባል፦ ዓይን፣ ድምፅ፣ ቶሎ የማይቆጣ ልብ፣ ሁለቴ ሰምቶ የሚይዝ አእምሮ፣ ደህና ጎረቤት። ተምረው፣ ተመላልሰው፣ ተበድረው ያገኙት ወደ ፓምፑ። መጀመሪያ ቀን የፓምፑ ዓምድ ይረዝማል። ችግሩ ያ ነው፤ በሀብቱ የታበየው ቃሩንም ሀብቱን "ባለኝ ዕውቀት ያገኘሁት ነው" ብሎ ነበር (ሱረቱል ቀሰስ 28፥78)። እያንዳንዱን የፓምፕ መስመር "ይህን የሠራሁበት ጤና፣ ያስተማረኝ ሰው፣ የተገኘው ጊዜ ከየት መጣ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ ወደ ዝናቡ ይሻገራል። ሁሉንም ማሻገር ግን ሌላ ስሕተት ነው፤ ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ እንደተባለው፣ ግመሉን ማሰር የባለቤቱ ሥራ ነውና።

መብቃቃት፣ ሸይኾቹ ቀናዓ የሚሉት፣ በእኛ አገር አንድ መንገድ ላይ ይታያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ገደማ። በመካከላቸው መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ፣ ጣርማ በርና ቁልቁለቱ ብቻ ነው ያለው። ደጋው ገብስና ባቄላ ያበቅላል፤ ማሽላ ቢዘራ ውርጩ ይፈጀዋል። ሮቢት ላይ ደግሞ ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ አለ፤ ገብሱ ግን ሙቀቱን አይችልም። ደገኛው "ምናለ ማንጎ ባለኝ" ይላል፣ ቆለኛው "ምናለ ያ ብርድ በነበረኝ" ይላል። አላህ በሱረቱ ዙኽሩፍ (43፥32) የሰዎችን መተዳደሪያ በመካከላቸው ያከፋፈለው እርሱ መሆኑን፣ ከፊሉን ከከፊሉ ያበላለጠውም አንዱ ሌላውን እንዲያሠራ መሆኑን ይነግረናል። ሁሉም ማሳ ገብስ ቢያበቅል ኖሮ ገበያ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች ታሪክ ይህንኑ በሰው ላይ ያሳያል። የአዛንን፣ የሶላት ጥሪውን፣ ቃላት በሕልሙ ያየው ዐብደላህ ኢብኑ ዘይድ ነበር፤ ነቢዩ ግን "ለቢላል አስተምረው፣ ድምፁ ካንተ ይበልጣል" አሉት። ሕልሙ ለአንዱ፣ ድምፁ ለሌላው። ሌላው ባልደረባ አቡ ዘር ሹመት ሲፈልግ ነቢዩ ደካማ መሆኑን ነግረው በሁለት ሰው ላይ እንኳ እንዳይሾም፣ የየቲምም (የወላጅ አልባ) ገንዘብ እንዳይዝ መከሩት፤ ይህን ያሉትም ለራሳቸው የሚወዱትን ለእሱ እየወደዱለት መሆኑን ነግረውታል። የአቡ ዘር ቀጥተኛነትና ዙህድ፣ ለዱንያ አለመጓጓቱ፣ ለብዙ ትውልድ ምሳሌ ሆነ፤ ሹመት ግን የእሱ ማሳ አልነበረም። ይህን ሐዲስ ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ "አትችልም" መባልም ስጦታን ማሳያ መሆኑ ነው።

የራስን ማሳ ለማወቅ ምልክቶች አሉ። ሰው ሳይከፍልህ ደጋግሞ የሚጠይቅህ ምንድን ነው? ሌላውን የሚያደክመው፣ አንተን ግን የማያደክምህ የቱ ነው? ጎረቤት ሲጣላ የሚጠራው ሰው አለ። አልዩ አምባ አካባቢ ካሉት የአርጎባ ሸማኔዎች መካከል ድሩ በእጁ የማይበጠስ አለ። በመድረሳው ሕፃናት ውስጥ ቁርኣን ለመሐፈዝ፣ በቃሉ ለመያዝ፣ የሚዘገይ፣ ለመንዙማ ግን ድምፁ ተከፍቶ የሚወጣ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ልጅ "ሰነፍ" ማለት ማሾ በተዘራበት ገብስ መፈለግ ነው። ጥርጣሬ ካለ ሁለት ረከዓ ኢስቲኻራ፣ አላህ የሚሻለውን እንዲመርጥ የሚለመንበትን ሶላት፣ ሰግዶ፣ የሚያውቅህን ታማኝ ሰው ማማከር። ብዙዎች ከኢስቲኻራ በኋላ ሕልም ይጠብቃሉ፤ አይጠበቅም። ነገሩ ከገራ መቀጠል፣ ከተዘጋ መተው ነው።

ጸጋን ማወቅ የሚበላሽባቸው መንገዶችም አሉ። በዱንያ ከአንተ በታች ያለውን እንጂ በላይ ያለውን አትመልከቱ የሚለው ሐዲስ የመጣው የአላህን ጸጋ እንዳንንቅ ነው፤ የሰውን መቸገር እያዩ መጽናናት ከሆነ ግን መድኃኒቱ መርዝ ሆነ። የበታቹን ያየ እጁም መዘርጋት አለበት። ስልክ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ብቻ ያሳያል፣ ያውም የተመረጠውን። ሌላው ብልሽት የምቀኛ ዓይን ፈርቶ ያለውን መካድ ነው፦ "ምን ምርት አለ ብለህ" እያሉ ጎተራ ሙሉ ማሾ ላይ መቀመጥ። ለሚታመን ሰው አልሐምዱሊላህ ብሎ መናገር ከምቀኛ ፊት ከመዘርዘር የተለየ ነው። ምላስ እያመሰገነ ልብ የሚያጉረመርምበትም አለ፤ ዑለማዎች ሹክርን፣ ምስጋናን፣ በልብ፣ በምላስና በአካል የከፈሉት በከንቱ አይደለም። ድምፅ የተሰጠው አዛን ካላለ፣ ማስታረቅ የሚችል ጠብ እያየ በሩን ከዘጋ፣ አሥረኛውን አላወጣም።

ለየዕለቱ የሚበቃው ጥቂት ነው። ከሶላት በኋላ ነቢዩ ለባልደረባቸው ለሙዓዝ ያስተማሩት ዱዓ፦ አላሁመ አዒኒ ዐላ ዚክሪከ፣ ወሹክሪከ፣ ወሑስኒ ዒባደቲክ፤ አላህ ሆይ፣ አንተን በማውሳት፣ አንተን በማመስገንና አንተን አሳምሮ በመገዛት ላይ እርዳኝ ማለት ነው። አዲስ ጸጋ ሲገጥም ወይም መከራ ሲወገድ አንድ የሹክር ሱጁድ (ስግደት)፤ በሻፊዒ መዝሀብ ተከታዮች ዘንድ ውዱእ (የሶላት ትጥበት) እና ወደ ቂብላ መዞር ያስፈልገዋል፣ ከሶላት ውጭ ይደረጋል፣ ለዘወትሩ ጸጋ ደግሞ አይደረግም። ለዘወትሩ ዱሃ፣ የረፋዱ ሶላት፣ አለ፦ በሰው አካል ውስጥ 360 መገጣጠሚያ መኖሩ በሐዲስ ተነግሯል፣ እያንዳንዱ በየቀኑ ሰደቃ አለበት፣ ሁለት ረከዓ ዱሃም ይበቃለታል።

የዛሬው ገጽ የዝናቡ ዓምድ ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞሯል፣ ከፓምፑ በኩል አራት መስመር ቀርቷል። ፀሐይዋ አንድ ጦር ያህል ከፍ ብላለች፣ ዱሃ ደርሷል። ደብተሩ ይቆይ።